የመገኘት ፊርማ

የብሎክ ሠላሳ ሁለትን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ወልውዬ፣
እጄ በረኪና እንደሸተተ ስብሰባ ገባሁ፣ ትንሹን አዝዬ።
የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ መታፈሪያ አንድ ወረቀት አዞሩ፤
«መገኘታችሁን ብቻ ነው» አሉ፣ «ስም ጽፋችሁ አኑሩ።»
ፈረምን፣ ሠላሳ አራት ሰው፤
የጥበቃው ጋሽ ደቻሳ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው፣
እኔም በማታ ትምህርት እዚሁ ክፍል የለመድኳትን ፊርማ፣
ጭራዋ የረዘመውን፣ ከቁጥርም ከድምርም ቀድማ
የገባችልኝን።

በሳምንቱ ያው ወረቀት መጣ ከወረዳ ተመልሶ፣
በራስጌው አዲስ አርእስት፣ በግርጌው ማኅተም ለብሶ፦
«ወላጆች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል፤
«የምሥራቁ ሕንፃ ከነሜዳው ለአጋር ድርጅቱ ይተላለፋል።»

ወንበር አጥተን፣ ግድግዳ ተደግፈን መቆማችን
ሆኖ ቆየን እሺታችን።
እኔማ ፊርማ በተማርኩበት ክፍል
ክፍሉን ፈርሜ አሳለፍኩ።

ገጽ አራት ላይ ቆጠራ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦
ዴስክ አርባ ሁለት፣ ስድስቱ ስብራት።
ጥቁር ሰሌዳ አምስት።
አሮጌ ብረት አንድ።

አሮጌ ብረቱን ፍለጋ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩ።
ደወላችን ነው ለካ!
ቱሉ ዲምቱ ሽምብራ ማሳ ሳለች፣ ይህ ሁሉ ፎቅ ሳይበቅል፣
ሴቱ ድንጋይ፣ ወንዱ ማገር ሲያመላልስ፣
ሹፌር ገመዳ ከተገለበጠ ኤንትሬው ቸርኬውን ፈትቶ
«እኔ ድምፁን ልስጥ» ያለው፣ በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ።

ሐሙስ ቆርቆሮው ደረሰ፤ ሜዳውን ከወገቡ ቆረጠ።
ቦኖው ወዲያ ሆነ፣ ጥማቱ ወዲህ ተቀመጠ።
ኳስ ከዘለለች፣ ዘለለች።
ትልቋ ልጄ መቅሊት ባዶ ኮዳዋን ይዛ ትመጣለች፤
«ይታያል እኮ እማ» ትለኛለች፣
«በምስማሩ ቀዳዳ፣ ሲንጠባጠብ ይታያል።»

ደረጃዋን የምጠርግላት ሶስና፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣
«ጥሩ ትምህርት ቤት ሲመጣላችሁ ምን አስቆጣሽ?» አለች፤
«ፈተና ያለፉ ሃያ ልጆች በነፃ ይገባሉ።»
«የቀሩትስ?»
«የቀሩት ይደለደላሉ።»
እንደ አፈር፣ አልኩ በሆዴ።
ለልጇ በወር የምትከፍለው የኔ የሦስት ወር ደመወዝ ነው።
መወልወያዬን ጨመቅኩ፤ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የቦርዱ ስብሰባ ያለ እኛ አያልፍም፤
እኔ፣ መምህርት ዘርፌ፣ ብሎኬት አምራቹ ኑረዲን።
«ዝግ ነው» ሲሉን መስኮቱ ሥር እንቆማለን፤
ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያደርጉት በጭቃው እንደርሳለን።
እነሱ ሰዓት ይቀያይራሉ፤ እኛ የምንቀይረው ጫማ የለንም።
በመቅሊት ሒሳብ ደብተር ትርፍ ገጽ ላይ እጽፋለሁ፦
ማን መጣ፣ ማን አረፈደ፣
ማን ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ለድምፅ እጁን አወጣ።
ፊደል እገድፋለሁ። ሰው ግን አልገድፍም።

ትናንት ያው ወረቀት ዞረ።
ከፊርማዬ በፊት ጻፍኩ፦ «መጥቻለሁ። አልተስማማሁም።»
ጽሑፌ ሳጥኑን ሞላ፣ መስመር ጣሰ፣ የጎረቤቴ ስም ላይ ወጣ።
«ቦታ አልበቃሽም እንዴ?» አሉ አቶ መታፈሪያ።
«አልበቃኝም።»

ወረቀቱ ጋሽ ደቻሳ ዘንድ ደረሰ።
አውራ ጣታቸውን አሳርፈው፣ እርጥቡን ቀለም በሱሪያቸው ጠርገው
«ከጎኑ ጻፊልኝ» አሉኝ።
«ጋሽ ደቻሳ አልተስማሙም» ብዬ ጀመርኩ።
እጄን ያዙኝ።
«ተይ፣ በኔ አፍ ይሁን።»
ሰረዝኩና
እንደገና ጻፍኩ።